ፓኬቱ ሄዷል፤ በየት ተመለሰ?

እንደምን አመሻችሁ? እ? ግማሹ ብቻ ነው የመለሰልኝ። ሎድ ባላንሰሩ፣ ሥራውን ለሰርቨሮች የሚያከፋፍለው ማሽን፣ ግማሹን ሰርቨር አውጥቶታል ማለት ነው። እስቲ እንደገና፦ እንደምን አመሻችሁ? እንዲህ ነው እንጂ።

የተከበራችሁ የሲስተም አስተዳዳሪዎች፣ የኔትወርክ ባለሙያዎች፣ ገና በመማር ላይ ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ ፊታችሁ ይናገራል፤ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

«ሲስተም የለም» የምትለዋን ነገር ያልሰማ እዚህ አለ? የለም። ሁላችንም በመስኮቱ ወዲያ ማዶ ተሰልፈን ሰምተናታል። ዛሬ የምናወራው ግን ከመስኮቱ ወዲህ፣ ከሰርቨሩ ጎን ቆመን ነው። ከ«ሲስተም የለም» ዓይነቶች ሁሉ በጣም አታላዩን መርጬ መጥቻለሁ። ሲስተሙ አለ! ቨርቿል ሰርቨሮቹ፣ በአንድ ማሽን ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠሩት፣ በርተዋል። ሎድ ባላንሰሩ በርቷል። ሄልዝ ቼኩ፣ ሎድ ባላንሰሩ «ሰርቨሩ ደህና ነው?» ብሎ በየጊዜው የሚያደርገው ፍተሻ፣ አረንጓዴ ነው። ከሎድ ባላንሰሩ ወደ ሰርቨሩ ፒንግ ብታደርጉ፣ «አለህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት፣ አንድ ሚሊሰከንድ ሳይሞላ ይመልሳል። ተጠቃሚው ገጹን ሲከፍት ግን ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ በመጨረሻም ታይም አውት።

ይህን ስታዩ ወዴት ትሮጣላችሁ? ወደ ፋየርዎሉ? ወደ ፕሮግራመሮቹ? ሰርቨሩን ሪስታርት ወደማድረግ? እኔ ወደ መመለሻው መንገድ ሂዱ እላለሁ። ፓኬቱ፣ በኔትወርክ የሚጓዘው ቁራጭ መልእክት፣ ሄዷል። በየት ተመለሰ? የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ይህች ጥያቄ ናት። አራት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ መልሱ ለምን መንገድ እንደሚስት። ሁለተኛ፣ እንዴት እንደምንይዘው። ሦስተኛ፣ ቨርቿል ሰርቨር ላይ የሚበዙ ወጥመዶች። አራተኛ፣ የራውቲንግ፣ ማለትም የመንገድ ምርጫ፣ ችግር መስለው ራውቲንግ ያልሆኑ ሁለት ችግሮች። ሰዓት ካጠረን አራተኛውን እየሮጥኩ አልፈዋለሁ።

አንደኛ። አድራሻ ሳንይዝ ስለ ራውቲንግ ብናወራ እንደናገራለን፤ ስለዚህ እነዚህን ቁጥሮች ጻፉልኝ። ተጠቃሚው 10.50.3.25 ላይ ነው። ሎድ ባላንሰሩ ሁለት እግር አለው፤ በፊት በር በኩል ተጠቃሚው የሚያውቀው 10.10.0.10፣ በጓዳ በኩል 10.20.0.5። ጓዳ ውስጥ ሁለት ቨርቿል ሰርቨሮች አሉ፤ 10.20.0.11 እና 10.20.0.12። የሰርቨሮቹ ዲፎልት ጌትዌይ፣ ጎረቤት ላልሆነ መድረሻ የሚወጡበት በር፣ 10.20.0.1 ነው። እዚህች ላይ አስምሩ! ጌትዌያቸው ተራው ራውተር ነው፤ ሎድ ባላንሰሩ አይደለም። ቨርቿል ሰርቨር ከቴምፕሌት ስትፈጥሩ ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው ይህንኑ ነው።

አሁን ተጠቃሚው ሲን፣ የግንኙነት መክፈቻ ጥያቄውን፣ ላከ፤ ወደ 10.10.0.10፣ ፖርት 443። ሎድ ባላንሰሩ መድረሻውን ቀይሮ 10.20.0.11 አደረገው። መነሻውን ግን አልነካውም፤ 10.50.3.25 እንዳለ ነው። ሰርቨሩ ሲኑን ተቀብሎ ሲን-አክ፣ የእሺታ መልሱን፣ ሊመልስ ራውቲንግ ቴብሉን፣ የመንገድ መዝገቡን፣ ከፈተ። ራውቲንግ ቴብል «ይህን ጥያቄ ማን አመጣልኝ?» ብሎ አይጠይቅም፤ የሚያየው መድረሻውን ነው። 10.50.3.25 ጎረቤት ነው? አይደለም። እንግዲያው ወደ ጌትዌዩ። መልሱ በ10.20.0.1 ወጣ፤ ሎድ ባላንሰሩን ዞር ብሎም ሳያይ ተጠቃሚው ጋ ደረሰ። ተጠቃሚው የጠራው ግን 10.10.0.10ን ነው። 10.20.0.11 የሚባል አያውቅም። ስለዚህ ሪሴት፣ «ይህን ግንኙነት አላውቀውም፣ ዝጋው» የሚል መልእክት፣ ይልካል።

ሽማግሌ ልኮ የሚያውቅ አለ እዚህ? አትፈሩ፣ እጅ አውጡ። ጥሩ። ልጁ ሦስት ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ የልጅቷ ቤት ደርሰው ጥያቄውን ያቀርባሉ። አባት «መክረን እናሳውቃለን» ይላሉ። በቀጠሮው ቀን ግን መልሱን ለሽማግሌዎቹ በመንገር ፈንታ፣ በደጃቸው ለሚያልፍ አንድ መንገደኛ ነግረው ወደ ልጁ ይሰዱታል። መንገደኛው የልጁን በር አንኳክቶ «ተፈቅዶልሃል» ይለዋል። ልጁ ምን ይላል? «አንተ ደግሞ ማነህ? አንተን መች ላክሁ!» ብሎ በሩን ይዘጋበታል። መልሱ እኮ እሺ ነበር! እሺታው ልክ ነው፤ ያመጣው ሰው ነው የማይታወቀው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ እዚያው ቁጭ ብለው መልስ ይጠብቃሉ።

ሄልዝ ቼኩስ ለምን አረንጓዴ ሆነ? ሄልዝ ቼክ ማለት ሽማግሌዎቹ በራሳቸው ስም የልጅቷን ቤት «እንደምን አደራችሁ» ብለው ሲጠይቁ ነው። መነሻው 10.20.0.5 ነው፤ ለሰርቨሩ የአንድ ሳብኔት፣ የአንድ አድራሻ ሰፈር፣ ጎረቤቱ። ለጎረቤት ለመመለስ ጌትዌይ አያስፈልግም፤ አጥር ላይ ሆኖ መመለስ ይቻላል። እናም ሄልዝ ቼኩ በቀን አሥር ሺህ ጊዜ ቢሳካ ተጠቃሚው የሚሄድበትን መንገድ አንድ ጊዜም አልፈተሸም።

መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው፤ ሦስቱም የየራሳቸው ዋጋ አላቸው።

የመጀመሪያው ሎድ ባላንሰሩ መነሻውንም እንዲቀይር ማድረግ ነው፤ ሶርስ ናት የምንለው። ሽማግሌው «ጥያቄው የእኔ ነው» ይላል፣ አባትም ለሽማግሌው ይመልሳሉ። ኤችኤ ፕሮክሲና ኤንጂንኤክስ የሚባሉት ሎድ ባላንሰር ሶፍትዌሮች በተለመደው አሠራራቸው በራሳቸው አድራሻ አዲስ ግንኙነት ስለሚከፍቱ ከዚሁ ጎራ ናቸው፤ በእነሱ ይህ ችግር የማይገጥማችሁም ለዚህ ነው። ዋጋው ምንድን ነው? የሰርቨሩ ሎግ ውስጥ ተጠቃሚው ሁሉ 10.20.0.5 ይሆናል። ለዌብ የተጠቃሚውን አድራሻ የሚይዘውን፣ ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፎር የሚባለውን ሄደር ጨምሩና ሰርቨሩ ከዚያ እንዲያነብ አድርጉ። ለተራ ቲሲፒ ደግሞ የተጠቃሚውን አድራሻ መጀመሪያ ላይ በአንድ መስመር የሚያስተላልፍ ፕሮክሲ ፕሮቶኮል አለ፤ ግን ሁለቱም ወገን መስማማት አለባቸው። ሎድ ባላንሰሩ ላይ ከፍታችሁ ሰርቨሩ ላይ ከረሳችሁት፣ ሰርቨሩ ካልጠበቀው መስመር ጋር ይጋጭና በስሕተት 400 ያባርራችኋል።

ሁለተኛው የሰርቨሮቹን ዲፎልት ጌትዌይ ወደ 10.20.0.5 መቀየር ነው። አይፒቪኤስ፣ በሊኑክስ ውስጥ ያለው ሎድ ባላንሰር፣ በናት፣ አድራሻ በመቀየር፣ ሲሠራ የሚጠይቀው ይህንን ነው። የተጠቃሚው አድራሻ ሳይነካ ይደርሳል። ግን ልብ በሉ፤ ከዚያ በኋላ ባክአፑም፣ የፓኬጅ አፕዴቱም፣ ሰርቨሩ ወደ ውጭ የሚልከው ሁሉ በሎድ ባላንሰሩ ያልፋል። ሎድ ባላንሰሩ ላይ አይፒ ፎርዋርድ፣ የሌላ ሰው ፓኬት የማሳለፍ ፈቃዱ፣ 1 መሆኑንም አረጋግጡ፤ 0 ከሆነ የሰርቨሮቹ የወጪ ትራፊክ እዚያው ይሞታል።

ሦስተኛው በቀጥታ መመለስ ነው፤ ዳይሬክት ራውቲንግ። አባት ለልጁ ራሳቸው ይመልሳሉ፤ ነገር ግን በሽማግሌዎቹ ማኅተም። እንዴት? 10.10.0.10 የሚለው አድራሻ በሰርቨሮቹ ሉፕባክ፣ በውስጣዊው ኢንተርፌሳቸው፣ ላይ በ/32፣ እንደ አንድ ነጠላ አድራሻ፣ ይቀመጣል፤ ስለዚህ መልሱ ከዚያው አድራሻ የወጣ ይመስላል። ሎድ ባላንሰሩና ሰርቨሮቹ በአንድ ሌየር 2፣ ራውተር በመካከል በሌለበት አንድ ሰፈር፣ ላይ መሆን አለባቸው፤ ፖርት መቀየርም አይቻልም፣ 443 ከገባ 443 ነው። የሚረሳው ግን አርፕ ነው፤ «ይህ አድራሻ የማን ነው?» ተብሎ በሰፈሩ የሚጠየቅበት። አርፕ ኢግኖር 1፣ አርፕ አናውንስ 2 ካላደረጋችሁ፣ «10.10.0.10 ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰርቨሩም «እኔ ነኝ» ይላል፣ ሎድ ባላንሰሩም «እኔ ነኝ» ይላል። ራውተሩ የቀደመውን ያምናል። ምልክቱ ምን ይመስላችኋል? ለተወሰነ ጊዜ ሁሉም ተጠቃሚ አንድ ሰርቨር ላይ ይከመራል፣ ከዚያ የአርፕ መዝገቡ ሲታደስ ነገሩ ራሱ ይስተካከላል፣ ነገ ይመለሳል። እንዲህ የሚመጣና የሚሄድ በሽታ ካያችሁ አርፕን ጠርጥሩ።

እሺ፣ ሁለተኛ፤ እንዴት እንይዘዋለን?

ፒንግ አይበቃም። ደግሜ እላለሁ፣ ፒንግ አይበቃም! ተጠቃሚው 10.10.0.10ን ፒንግ ሲያደርግ የሚመልስለት ሎድ ባላንሰሩ ራሱ ነው፤ ጥያቄው ጓዳ አልገባም። ትሬስራውትም፣ ፓኬት የሚያልፍባቸውን ራውተሮች የሚዘረዝረው መሣሪያ፣ የሚያሳየው መሄጃውን ነው፤ መመለሻውን ካላያችሁት ከሌላው ጫፍ ሆናችሁ እንደገና ማስኬድ አለባችሁ።

መጀመሪያ ርካሹን አድርጉ። ሰርቨሩ ላይ ገብታችሁ ከርነሉን፣ የሊኑክስን እምብርት፣ ጠይቁት፤ አይፒ ራውት ጌት 10.50.3.25 ፍሮም 10.20.0.11። ይህች ትእዛዝ አንዲት ፓኬት ሳትልክ «ከዚህ አድራሻ ተነስቼ ወደዚያ ብመልስ በየት እወጣለሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ትሰጣለች። ፍሮም የሚለውን አትርሱ፤ ካለ እሱ የፖሊሲ ራውቲንግ ሕጎቻችሁ፣ መነሻውንም አይተው መንገድ የሚመርጡት፣ ላይቆጠሩ ይችላሉ። መልሱ «ቪያ 10.20.0.1» ካለና ሎድ ባላንሰራችሁ ሶርስ ናት የማያደርግ ከሆነ፣ ምርመራው በ30 ሰከንድ አለቀ።

ካላለቀ የሚያልፈውን ፓኬት የሚያሳያችሁን ቲሲፒ ደምፕን ክፈቱ። በአንድ ጊዜ በሦስት መስኮት፦ ሎድ ባላንሰሩ ፊት በር ላይ፣ ሎድ ባላንሰሩ ጓዳ ላይ፣ ሰርቨሩ ላይ። ስም ፍለጋውን በዳሽ ኤን አጥፉት፤ አለበለዚያ መሣሪያው ራሱ ዲኤንኤስ እየጠየቀ ያዘገያችኋል። ሰርቨሩ ላይ ኢንተርፌሱን ኤኒ አድርጉት። ይህ ወሳኝ ነው! መልሱ በየትኛው ካርድ እንደሚወጣ ብታውቁ ኖሮ ችግሩን ባልፈለጋችሁት ነበር፤ አንድ ካርድ ብቻ መርጣችሁ ካዳመጣችሁ በሌላው የወጣውን አታዩትም።

አሁን አንድ ተጠቃሚ አንድ ጊዜ ይሞክር፤ ሰርቨሩ ላይ የሚታየውን አንብቡ። አራት ዓይነት ነው የምታዩት።

ምንም ሲን የለም? ችግሩ ከሰርቨሩ በፊት ነው፤ ሎድ ባላንሰሩን፣ በመካከል ያለውን ፋየርዎል፣ የክላውዱን ሴኩሪቲ ግሩፕ እዩ።

ሲን አለ፣ ሲን-አክ የለም? ማንም ፖርቱን ካልከፈተ ሪሴት ታዩ ነበር። ዝምታ ከሆነ ሰርቨሩ ውስጥ አንድ ነገር ፓኬቱን ውጦታል፤ ወይ የራሱ ፋየርዎል፣ ወይ አሁን የምመጣበት ሪቨርስ ፓዝ ፊልተር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ «ቲሲፒ ደምፕ ላይ ታይቷል፣ ስለዚህ ፋየርዎሉን አልፏል» ይላል። አላለፈም! ቲሲፒ ደምፕ ገቢውን የሚያየው ከፋየርዎሉ በፊት ነው፤ ወጪውን ደግሞ ከፋየርዎሉ በኋላ።

ሲን፣ ሲን-አክ፣ ወዲያው ከተጠቃሚው ሪሴት? መንገደኛው በር አንኳኩቷል። መልሱ ተጠቃሚው ጋ ደርሷል፣ በማይታወቅ አድራሻ።

ሲን፣ ሲን-አክ፣ ከዚያ ሲን-አክ እንደገና፣ እንደገና፣ እንደገና? መልሱ ወጥቷል፤ ግን የትም አልደረሰም። በመንገድ ያለ፣ ግንኙነት የሚመዘግብ ፋየርዎል «ሲኑን ሳላይ ሲን-አክ ከየት መጣ?» ብሎ ጥሎታል፤ ወይም ሃይፐርቫይዘሩ፣ ቨርቿል ሰርቨሮቹን የሚያስኬደው ሶፍትዌር፣ ጥሎታል።

እነዚህን አራቱን ለዩልኝ። ሌላው ሁሉ ከእነሱ ይከተላል።

ሦስተኛ፣ ወጥመዶቹ። ሁሉንም እኩል አላወራም፤ የሚያስለቅሱት ሁለቱ ላይ እቆያለሁ።

ሁለት ኔትወርክ ካርድ ያለው ሰርቨር። የመጀመሪያው ካርድ 10.20.0.11፣ ለሥራው። ሁለተኛው 10.30.0.11፣ ለአስተዳደር፤ ለባክአፕ፣ ለኤስኤስኤች። ዲፎልት ጌትዌዩ በአስተዳደሩ ካርድ ላይ ተቀምጧል፣ 10.30.0.1። ሲኑ በመጀመሪያው ካርድ ገባ፣ መነሻው 10.50.3.25። ከርነሉ ይጠይቃል፤ «ለዚህ ሰው ብመልስ በየትኛው ካርድ እመልሳለሁ?» በሁለተኛው። «ታዲያ ለምን በመጀመሪያው መጣ? ሐሰተኛ ነው!» ይጥለዋል። ያለ ሪሴት፣ ያለ ምልክት፣ ማርሺያን የሚባለውን ምዝገባ ካልከፈታችሁ ሎግ ላይም ሳይጽፍ። ሪቨርስ ፓዝ ፊልተር ማለት ይህ ነው፤ የተሰረቀ አድራሻ ይዞ የሚመጣን ለመከላከል የተሠራ ዘበኛ ነው፣ ሥራውን ነው የሠራው። ኤንስታትን ዳሽ ኤዜድ ብላችሁ አስኪዱና ሪቨርስ ፓዝ ፊልተር የሚለውን ቆጣሪ ተመልከቱ፤ ተጠቃሚው በሞከረ ቁጥር ካደገ ያዛችሁት። አይፒ ራውት ጌትን በገቢ ኢንተርፌስ ስትጠይቁት ደግሞ «ኢንቫሊድ ክሮስ ዲቫይስ ሊንክ» የሚል መልስ ይሰጣችኋል። ያ መልስ ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስላል፤ ግን ትርጉሙ ይኸው ነው።

አሁን ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት መፍትሔ ምንድን ነው? «ፊልተሩን 0 አድርገው»። አንደኛ፣ ላይሠራ ይችላል፤ ከርነሉ ኦል ከሚለው እና ከካርዱ ዋጋ ትልቁን ነው የሚወስደው። ኦል 1 ሆኖ ካርዱን 0 ብታደርጉት 1 ነው። 2 ብታደርጉት፣ ማለትም ላላ ያለው ዓይነት፣ 2 ይሆናል። ሁለተኛ፣ ቢሠራስ? ሲኑ ገባ፤ መልሱ ግን አሁንም በሁለተኛው ካርድ ነው የሚወጣው፣ የመጀመሪያውን ካርድ አድራሻ ይዞ! ዘበኛውን አሰናበታችሁ እንጂ መንገዱን አላስተካከላችሁም። ከሁለተኛው ዓይነት ምልክት ወደ አራተኛው ተሸጋገራችሁ፣ ያው ነው።

ትክክለኛው መንገድ ፖሊሲ ራውቲንግ ነው፤ ሦስት መስመር። ለመጀመሪያው ካርድ የራሱ ቴብል ስጡት፣ ቁጥር 100 እንበል። አንድ፣ በቴብል 100 ውስጥ 10.20.0.0/24 በመጀመሪያው ካርድ ነው በሉ። ሁለት፣ በቴብል 100 ውስጥ ዲፎልት በ10.20.0.1 ነው በሉ፤ ወይም መልሱ በሎድ ባላንሰሩ እንዲመለስ ከሆነ በ10.20.0.5። ሦስት፣ አይፒ ሩል ጨምሩ፤ «ከ10.20.0.11 የሚነሳ ሁሉ ቴብል 100ን ይመልከት»። የመጀመሪያውን መስመር ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ሲዘለው ለጎረቤቶቹ የሚልከውን ጭምር ወደ ጌትዌዩ ይገፋዋል፤ ሄልዝ ቼኩ ሳይቀር ይዞራል። ሦስቱን ካደረጋችሁ ጥብቁን ፊልተር ማጥፋት አያስፈልጋችሁም፤ ፊልተሩም ሲፈትሽ እነዚሁን ሕጎች ስለሚያይ ይረካል።

ሁለተኛው የሚያስለቅሰው ዶከር ነው፤ ፕሮግራሞችን በኮንቴይነር ለያይቶ የሚያስኬደው። ሳቃችሁ! የሳቀ ሁሉ ደርሶበታል። ዶከር ስትጭኑ ሳይጠይቃችሁ 172.17.0.0/16ን ለራሱ ድልድይ ይወስዳል። ከዚያ በኮምፖዝ፣ ብዙ ኮንቴይነር አንድ ላይ በሚያስነሳው መሣሪያ፣ ኔትወርክ በፈጠራችሁ ቁጥር 172.18፣ 172.19 እያለ ይቀጥላል። ድርጅቱ ደግሞ ለአንዱ ቅርንጫፍ ቢሮ 172.17.4.0/24 ሰጥቷል፤ መብቱ ነው፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያለው ለግል ኔትወርክ ከተተዉት አንዱ ነው። ምን ሆነ? ከዚያ ቅርንጫፍ የሚመጣው ሲን ሰርቨሩ ጋ ይደርሳል፤ ሰርቨሩ «172.17.4.9? የዶከር ልጅ ነው፣ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው» ብሎ መልሱን ወደ ራሱ ድልድይ ይጥለዋል። ያውም ጥብቁ ፊልተር ገቢውን አስቀድሞ ካልጣለው ነው።

ስልኩ የሚደወለው እንዴት ነው? «ሁሉም ቦታ ይሠራል፣ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ አይሠራም።» ሁሉም ሰው የቅርንጫፉን መስመር ይጠረጥራል። ቴክኒሻን ይላካል፣ ስዊች ይቀየራል። ሰርቨሩን የሚጠይቀው የለም! አይፒ ራውት ጌት 172.17.4.9 ብትሉት «ዶከር 0» ብሎ ወዲያው ያምናል። ሎድ ባላንሰሩ ሶርስ ናት ሲያደርግ ይህ ተሸፍኖ ይኖራል፤ «የተጠቃሚውን ትክክለኛ አድራሻ እንይ» ብላችሁ ሶርስ ናቱን ያጠፋችሁ ቀን ብቅ ይላል። መፍትሔው የዶከሩ ዴሞን ማስተካከያ ፋይል ውስጥ የድልድዩን አድራሻና የአድራሻ ክምችቱን ድርጅቱ ወደማይጠቀምበት ክልል መቀየር ነው። ዶከር ሪስታርት ይፈልጋል፤ ኮንቴይነሮቹ ይቋረጣሉ፣ ስለዚህ በሥራ ሰዓት አትንኩት። ቀድሞ የተፈጠሩ የኮምፖዝ ኔትወርኮች በራሳቸው አይቀየሩም፤ አፍርሳችሁ ፍጠሯቸው።

ቀሪዎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ከውጭ ይሠራል፣ ከዚያው ሳብኔት አይሠራም? ጌትዌዩን ወደ ሎድ ባላንሰሩ ብትቀይሩትም 10.20.0.50 ላይ ያለ ማሽን ሎድ ባላንሰሩን ሲጠራ ሰርቨሩ ለጎረቤቱ ቀጥታ ይመልሳል። ጌትዌይ ለጎረቤት አያገለግልም ብለናል። ለዚያ ሳብኔት ብቻ ሶርስ ናት አድርጉ።

ሰርቨሩ ራሱ በሎድ ባላንሰሩ በኩል ራሱን ሲጠራስ? የተጠቃሚ አድራሻ በሚጠብቁ የክላውድ ሎድ ባላንሰሮች ይህ የታወቀ ነው፤ ጥያቄው ዞሮ ለጠያቂው ሲደርሰው መነሻውም መድረሻውም እሱው ይሆንና ይጣላል። መለያው ሒሳቡ ነው፤ ሁለት ሰርቨር ካለ ግማሹ ይከሽፋል፣ ሦስት ካለ ሢሶው፣ አራት ካለ ሩቡ። ክሽፈቱ ከሰርቨሮቻችሁ ቁጥር ጋር እንዲህ ከገጠመ ሌላ አትፈልጉ።

ከዚያ የማይታየው ዘበኛ አለ፤ ሃይፐርቫይዘሩ። ሰርቨሩ ላይ ሲን-አኩ ሲወጣ አይታችኋል፤ ያ ማለት ከሰርቨሩ ወጣ እንጂ ከሃይፐርቫይዘሩ ወጣ ማለት አይደለም። በአማዞን ክላውድ፣ የሌላ ሰው ፓኬት የሚያሳልፍ ማሽን ላይ የሶርስና ዴስቲኔሽን ቼክ መጥፋት አለበት። በኦፕንስታክ፣ ተንሳፋፊ አድራሻ በሁለት ማሽን መካከል የምታዘዋውሩ ከሆነ አድራሻውን በአላውድ አድሬስ ፔርስ ውስጥ አስገቡ። በቪኤምዌር፣ ፎርጅድ ትራንስሚትስ የሚለውን እዩ። ኪፕአላይቭድን፣ አንዱ ማሽን ሲወድቅ አድራሻውን ለሌላው የሚያዘዋውረውን፣ የምትጠቀሙም፣ በአድራሻ 224.0.0.18፣ በፕሮቶኮል ቁጥር 112 ነው የሚነጋገረው። ቲሲፒም አይደለም፣ ዩዲፒም አይደለም፤ «ሁሉንም ፖርት ከፍቻለሁ» ማለት አይጠቅመውም። ብዙ ክላውድ መልቲካስት፣ ለብዙ ማሽን በአንዴ የሚላከውን፣ ስለማያሳልፍ በዩኒካስት፣ ለአንድ ማሽን ብቻ በሚላከው፣ አድርጉት፤ ካልሆነ ሁለቱም ማሽኖች «ዋናው እኔ ነኝ» ይላሉ።

ሄልዝ ቼኩ ራሱ ቀይ ከሆነስ? ከየት እንደሚመጣ እወቁ። በአዡር መነሻው 168.63.129.16 ነው። በጉግል ክላውድ ለአብዛኞቹ 130.211.0.0/22 እና 35.191.0.0/16 ናቸው። ፋየርዎላችሁ እነዚህን ከዘጋ ሰርቨሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሙት ይባላል። እና ሁለት ካርድ ካለው፣ ለእነዚህ አድራሻዎችም መመለሻ መንገድ ያስፈልጋል! ያው ጥያቄ ነው፤ በየት ተመለሰ?

አራተኛው። አስተባባሪው ሰዓቱን እያሳየኝ ነው፤ አይቻለሁ፣ አይቻለሁ።

ራውቲንግ የሚመስለው አንዱ ኤምቲዩ፣ የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን፣ ነው። ትንሹ ገጽ ይከፈታል፣ ትልቁ ይንጠለጠላል። ሎጊኑ ያልፋል፣ ሪፖርቱ አይመጣም። ቨርቿል ኔትወርኩ ቪኤክስላን፣ ፓኬትን በሌላ ፓኬት የሚጠቀልል፣ ከሆነ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ 50 ባይት ይጨምራል፤ 1500 የነበረው ለእናንተ 1450 ይቀራል። ፒንግን አትቆራርጥ ብላችሁ በመጠን 1472 ላኩ፤ 28 ባይት ሄደር ሲጨመር 1500 ነው። ካላለፈና 1422 ካለፈ መልሱን አገኛችሁ። የሰርቨሩን ኤምቲዩ 1450 አድርጉ፣ ወይም ሎድ ባላንሰሩ ላይ ኤምኤስኤሱን፣ በአንድ ፓኬት የሚጫነውን የቲሲፒ ዳታ መጠን፣ በ1410 ገድቡ። እባካችሁ «ለደኅንነት» ብላችሁ አይሲኤምፒን፣ ፒንግም የሚሄድበትን ፕሮቶኮል፣ በጅምላ አትዝጉ፤ «ፓኬቱ በዝቷል፣ አሳንሰው» የሚለው መልእክት የሚመጣው በእሱ ነው።

ሌላው የፖርት ማለቅ ነው። ሶርስ ናት ሲባል ሎድ ባላንሰሩ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን ፖርት ያወጣል። የሊኑክስ የተለመደው ክልል ከ32768 እስከ 60999 ነው፤ 28,232 ፖርት። የተዘጋ ግንኙነት በታይም ዌይት ለ60 ሰከንድ ፖርቱን ይዞ ይቆያል። 28,232ን ለ60 አካፍሉት፤ ወደ አንድ ሰርቨር አንድ ፖርት፣ ከአንድ መነሻ አድራሻ፣ በሰከንድ ወደ 470 አዲስ ግንኙነት ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ጠዋት የሚሠራው በሥራ መውጫ ሰዓት ላይ መንተባተብ ይጀምራል። ግንኙነቱን በኪፕ አላይቭ ደግማችሁ ተጠቀሙበት፣ ወይም ለሎድ ባላንሰሩ ተጨማሪ የጓዳ አድራሻ ስጡት። የከርነሉ ሎግ ላይ ኮንትራክ ቴብሉ፣ የግንኙነቶች መዝገቡ፣ ሞልቷል የሚል ካለም ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የኮንትራክ ጣሪያውን ከፍ አድርጉ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ማይኩን ልልቀቅ። በትእዛዝ የጨመራችሁት አይፒ ሩል የሚኖረው እስከሚቀጥለው ሪቡት ነው። ዛሬ አስተካክላችሁ፣ ተመስግናችሁ፣ ከሦስት ወር በኋላ ሰርቨሩ ለአፕዴት ሲነሳ ያው ችግር ይመለሳል፤ ያን ቀን ደግሞ ማንም አያስታውሰውም። ኡቡንቱ ላይ ከሆናችሁ መንገዶቹንም ሕጉንም ከነቴብል 100 በኔትፕላን፣ የኡቡንቱ የኔትወርክ ማስተካከያ፣ ፋይሉ ውስጥ፣ በዚያው ካርድ ሥር ጻፉ። ከዚያ ኔትፕላን አፕላይ ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ኔትፕላን ትራይ በሉ። በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላረጋገጣችሁ ወደነበረበት ይመልሰዋል፤ በኤስኤስኤች ገብታችሁ ራሳችሁን ከቆለፋችሁ እሱ ይከፍትላችኋል። የሃይፐርቫይዘሩ ኮንሶል ግን በሌላ መስኮት ክፍት ይሁን። ከዚያም፣ ተጠቃሚ በሌለበት ሰዓት፣ ያን ሰርቨር ከሎድ ባላንሰሩ አውጥታችሁ ሪቡት አድርጉት። ሲነሳ አይፒ ሩል ሾው፤ 100 አለ? አይፒ ራውት ጌት፤ በትክክለኛው ካርድ ይወጣል? ካለ ወደ ሥራው መልሱትና ቀጣዩን አውጡ።

ማይኩን ለኋላ ወንበሮች አድርሱልኝ፤ እዚያ ቅድም ዶከር ስል በጣም የሳቀ አንድ ሰው አለ፣ ከእሱ እንጀምር።